«ድራሙ ይቅር» ለተባለው

ባለፈው ሐሙስ የሙዚቃ ክበባችን በምረቃው በዓል ላይ ስለሚያቀርበው ዝግጅት ለመወሰን ተሰብስቦ ነበር። የመጋረጃው፣ የወንበሩ፣ የድምፅ ማጉያው ጉዳይ አንድ ሰዓት ተኩል ሙሉ ሲያከራክረን ቆየ። የድራሙ ጉዳይ ግን በሁለት ደቂቃ አለቀ። «ድራሙ ይቅር፤ ኦርጋኑ ራሱ ይመታል» ተባለ፤ ተጨበጨበ። ልዋሽ አልችልም፣ እኔም አብሬ አጨብጭቤያለሁ። ነገሩ የከነከነኝ ከስብሰባው ወጥቼ ታክሲ ለመያዝ ወደ ጎሮ አደባባይ ስሄድ ነው።

ከመካከላችን አንዲት የሁለተኛ ዓመት ሠልጣኝ አለች። ስሟን አልጠራም፣ ታውቋታላችሁ። ከጥቅምት ጀምሮ ከትምህርት በኋላ ያንን ቆዳው የላላ ድራም ስትለማመድ ከርማለች። በስብሰባው ዕለት ከኋላ ወንበር ተቀምጣ ነበር፤ «አንቺስ ምን ትያለሽ?» ያላት ሰው የለም። እንዲያውም አንድ ወንድማችን «ሴት ልጅ ድራም ላይ ምን ትሠራለች? ትዝፈን እንጂ!» ብሎ አሳቀን። እሷም አብራን ሳቀች፤ ምን ታድርግ?

ለዚህ ወንድማችን ስለ አንዲት ሴት ላውራው። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ካተሪና ቦርኔፌልድ ትባላለች። በ1979 ኔዘርላንድስ ውስጥ «ዘ ኤክስ» የተባለ የሮክ ቡድን ተቋቁሞ ነበር። ሮክ ስል ለስላሳውን ማለቴ አይደለም፤ ፓንክ የሚሉትን፣ ጊታሩ እንደ ወፍጮ የሚያጓራውን ነው። እሷ በ1984 ድራም መቺ ሆና ገባች፤ ከዚያ ወዲህ ከአርባ ዓመት በላይ መሆኑ ነው። ይህ ቡድን አንድ ጠባይ አለው፤ ብቻውን መቀመጥ አይወድም። ቶም ኮራ ከተባለ አሜሪካዊ የቼሎ ተጫዋች ጋር በ1991 እና በ1993 ሁለት አልበም አወጣ። ከኪንሻሳዎቹ ከኮኖኖ ቁጥር 1 ጋር መድረክ ተጋርቷል። እንግዳው በተቀያየረ ቁጥር ጊታሩም ሆነ ዜማው ትንሽ ዘወር ብሎ መሸሸግ ይችላል፤ ከሁሉም በፊት መለወጥ ያለበት ግን የድራም መቺዋ እጅ ነው። ምቱ ካልተስማማ እንግዳው ገና ከበሩ ይመለሳል።

ለእኛ የሚቀርበው ደግሞ የጋሽ ጌታቸው መኩሪያ ታሪክ ነው። ጋሽ ጌታቸው በ1935 ይፋት ተወልደው፣ በማዘጋጃ ቤት ባንድ ጀምረው፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቲያትር ኦርኬስትራ አልፈው በፖሊስ ኦርኬስትራ ያገለገሉ የሳክስፎን ሰው ናቸው። ሽለላን ከጉሮሮ ወደ ሳክስፎን ያዛወሩ እሳቸው ናቸው። ዘ ኤክሶች በ2002 እና በ2004 ወደ አገራችን መጥተው ተጫውተዋል። በዚያው በ2004 ኅዳር ላይ 25ኛ ዓመታቸውን ሲያከብሩ ጋሽ ጌታቸውን አምስተርዳም ድረስ ጋበዟቸው። ከዚያ በኋላ «ከእነዚህ ጋር አልበም ልሥራ» ብለው የጠየቁት ራሳቸው ሽማግሌው ናቸው። ልብ በሉ፤ ሰባ ዓመት የተጠጋ ሰው፣ ስንቱን ባለ ከረባት ኦርኬስትራ ያየ ሰው፣ አጃቢ ሲመርጥ እነዚያን ጩኸታሞች መረጠ። በ2006 «ሞአ አንበሳ»፣ በ2012 ደግሞ «የአንበሳው ትዝታ» ወጡ። ጋሽ ጌታቸው በ2016 ከማረፋቸው በፊት በፈረንጅ አገር መድረክ ላይ፣ የጀግና ልብሳቸውን ለብሰው ሲሸልሉ፣ ከኋላቸው ድራሙ ላይ ተቀምጣ የነበረችው ካተሪና ናት።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ሽለላ እንደ ዘፈን ተቆጥሮ የሚሄድ ምት የለውም። ሸላዩ ትንፋሹ እስከወሰደው ድረስ ድምፁን ይጎትታል፤ ሲያሻው ቆም ይላል፣ ሲያሻው ይወረውረዋል። ታዲያ ድራም መቺ ለዚህ ምን ትመታለች? «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት» ብላ ብትነሣ ሽለላው የወታደር ሰልፍ ሆኖ ያርፋል። ጭራሽ ዝም ብትል ደግሞ ለምን ተቀመጠች? ያላት መንገድ አንድ ነው፤ ጆሮዋን ከሳክስፎኑ ትንፋሽ ላይ ተክላ፣ ትንፋሹ ሲሳብ በትሩን አንሥታ መጠበቅ፣ ሲወረወር አብራ መወርወር። ነገሩ ወደ ቺክቺካ ሲዞር ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ሮክ ባብዛኛው በአራት የሚቆጠር ነው፤ ቺክቺካ በስድስት ይንከባለላል። አራት የለመደ እግር ስድስት ላይ ይደናቀፋል። «ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር» ያሉት አባቶቻችን እኮ ያለ ነገር አይደለም።

ከ«ሞአ አንበሳ» ዜማዎች አንዱ «ሙዚቃዊ ስልት» ነው። ይህን ዜማ ዋሊያስ ባንድ በ1977 ባወጣው «ቼ በለው» በተባለው ሸክላ ላይ እናገኘዋለን። ኃይሉ መርጊያ በኦርጋን፣ ግርማ በየነ በፒያኖ፣ ሞገስ ሀብቴ በሳክስፎን፣ ሙላቱ አስታጥቄ በቫይብራፎን ተሳትፈውበታል። ድራም የመታውስ ማን ነው? ይህን ጥያቄ በመኝታ ክፍላችንና በጎረቤት ክፍል ላሉ አሥራ አንድ ሰዎች አቀረብኩላቸው። ኃይሉንና ሙላቱን የማያውቅ አልነበረም፤ ድራም መቺውን የሚያውቅ ግን አንድም አልተገኘም። ተማረ ሐረጉ ነው። ዋሊያሶች በሂልተን ሆቴል ሲጫወቱ ዘመኑ የሰዓት እላፊ ዘመን ነበር፤ አንዴ ለጭፈራ የገባ ሰው እስኪነጋ አይወጣም፣ ባንዱም እስኪነጋ አያቆምም። ዘፋኝ ሲደክመው በሌላ ዘፋኝ ይተካል፤ ሳክስፎኑም አንድ ሁለት ዜማ ያርፋል። ድራም መቺ የት ይሄዳል? እነሆ በዚያ ድካም የተቀረጸ ምት ሠላሳ ዓመት ተሻግሮ ካንዲት የኔዘርላንድስ ፓንክ ድራም መቺ እጅ ገባ፤ እኛ ግን የመጀመሪያውን ባለቤት ስም አናውቅም።

«ኦርጋኑ ራሱ ይመታል» ያለው ወንድማችን መልስ እንዳለው አውቃለሁ፤ እኔው ልቅደመው። ኃይሉ መርጊያ ራሳቸው በ1985 አሜሪካ ውስጥ «ሸሞንሟናዬ»ን ሲቀርጹ ሰው አልያዙም፤ አኮርዲዮኑንም ኦርጋኑንም ብቻቸውን ተጫውተው ምቱን ለማሽን ሰጡት። ሥራው ያምራል፤ በ2013 እንደገና ታትሞ ዓለም ወዶታል። በእኛም አገር በኋላ ጊዜ አንድ ሰው በአንድ ኦርጋን ሙሉ ሠርግ ሲያስጨፍር አይተናል። ስለዚህ «ማሽን ነውር ነው» ብዬ ብከራከር ውሸታም እሆናለሁ። ነገር ግን እኚሁ ሰው ወደ መድረክ ሲመለሱ የፈለጉት ማንን ነው? ሰው! በ2018 በወጣው «ላላ በሉ» ላይ ድራሙን የመታው ቶኒ በክ የተባለ አውስትራሊያዊ ነው። ማሽን የያዘውን ይዞ ይሄዳል። ዘፋኙ ግጥሙ ጠፍቶት አንድ ስንኝ ቢዘል ማሽኑ ምን ቸገረው? ድራም መቺ ግን ትከሻውን አይቶ ያወቀውን ያህል ያዞርለታል። በእኛ ዝግጅት ላይ ደግሞ ግጥም የሚጠፋበት ሰው እንደማይታጣ ካለፈው ዓመት እናውቃለን (ራሴን ጭምር ነው የምለው)።

ሌላው ክርክር የጩኸቱ ነው። ይህ እውነት አለው፤ ቤተ መጻሕፍቱ ከልምምዱ ክፍል በአንድ ግድግዳ ነው የሚለየው፣ ፈተናም እየቀረበ ነው። ልምምዱ ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ ይሁን ቢባል ማንም አይቃወምም። ገንዘብ የለም የሚለው ግን አይገባኝም፤ ድራሙ እኮ አለ! አቧራ ለብሶ ጥግ ላይ ተቀምጧል። ለመድረኩ ሦስቱ ከበሮና አንዱ ጸናጽል ይበቃል፤ ሁሉም ካልተሟላ ብለን ሁሉንም መጣል ምን ይባላል?

ነገ እያንዳንዳችን ወደየተመደብንበት ትምህርት ቤት ስንሄድ ሙዚቃ የምናስተምርበት ክፍለ ጊዜ ይደርሰናል። እዚያ ብዙ ጊዜ ኦርጋንም፣ መብራትም ላይኖር ይችላል፤ ከበሮና ጭብጨባ ግን ይኖራል። ምት መያዝን እዚህ ያልተማረ መምህር ሃምሳ ሕፃን አንድ ላይ ሲያዘምር ማየት ነው!

ስለዚህ በበኩሌ ለክበቡ ኮሚቴ የማቀርበው ጥያቄ ይህ ነው። የሐሙሱ ውሳኔ እንደገና ይታይ፤ ኦርጋኑም ይኑር፣ የራሱ ምት ግን ይጥፋ። ያቺ እኅታችን ሁለት ዜማ ትሞከር፤ ካልቻለች ፊት ለፊት ይነገራት፣ ያለ ፈተና ግን አትጣል። በፕሮግራም ወረቀቱ ላይም የዘፋኞቹ ስም ብቻ ሳይሆን የአጃቢዎቹ በሙሉ፣ ድራም መቺዋን ጨምሮ፣ ይታተም። ወረቀቱ አንድ ገጽ ነው፤ ቦታ አይጠብም።

በስብሰባው የተናገረው ወንድማችን ቅር ካለው በዚሁ ሰሌዳ ላይ መልሱን ይለጥፍ፤ እኔም አነባለሁ። ለሚመጣው ሐሙስ ስብሰባ አጀንዳውን አስመዝግቤአለሁ። እስከዚያው ግን የትልቁ ድራም ቆዳ እንደላላ ነው፤ መወጠሪያ ቁልፉ ጠፍቷል። ከአሠልጣኞችም ሆነ ከሠልጣኞች ያለው ሰው ቢኖር ለክበቡ ጸሐፊ ቢያውስ ትልቅ ውለታ ነው።

ከአንድ የሙዚቃ ክበብ አባል