ታሪክን ያለ ደመወዝ ስለ መጻፍ

ከ12ኛ ክፍል ተማሪ

ባለፈው ዓመት የታሪክ መምህራችን ስለ ማይጨው ጦርነት አንዳንድ ገጽ ጽፈን እንድናመጣ አዘዙን። በቀጠሮው ቀን ወረቀታችንን ሰብስበው ካነበቡ በኋላ ፈገግ ብለው፥ «ልጆቼ፥ ከእናንተ መካከል ዐሥራ አንዳችሁ ጦርነቱን በአንድ ዓመት አዘግይታችሁታል» አሉን። ነገሩ እንዲህ ነበር። የማይጨው ጦርነት የተደረገው መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ. ም. ነው። እኛ ግን ጽሑፉን ከኢንተርኔት ላይ በእንግሊዝኛ አንብበን 1936 የሚለውን ቍጥር ስናገኝ፥ የእኛ ዘመን ከአውሮፓውያን በ7 ዓመት ያንሳል የሚለውን ብቻ ይዘን 1929 ብለን ጻፍን። ልዩነቱ ከመስከረም 1 ቀን ጀምሮ የአውሮፓውያን አዲስ ዓመት እስኪገባ ድረስ 7፥ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጕሜን መጨረሻ ግን 8 መሆኑን ዘንግተን ነበር። መምህራችንም፥ «በእናንተ አቆጣጠር ከሄድን፥ ጠላት ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ. ም. አዲስ አበባ ከገባ ከዐሥራ አንድ ወር በኋላ ነው ማይጨው ላይ የተዋጋነው ማለት ነው» ቢሉ ክፍሉ ሁሉ ሣቀ።

እኔም ከዐሥራ አንዱ አንዱ ነበርሁና ከሣቁት ጋራ ሣቅሁ። ወደ ቤቴ ስመለስ ግን ነገሩ ያሳስበኝ ጀመር። የአገራችን ሰዎች ደማቸውን ያፈሰሱበትን ጦርነት በባዕድ ቋንቋ አንብበን፥ በባዕድ ዘመን አስልተን፥ ያውም ተሳስተን የምናቀርበው ስለ ምንድን ነው? ከመካከላችን አማርኛውን ከፍቶ ለማየት ያሰበ አንድ ስንኳ አልነበረም። በአማርኛ የሚገኘው አጭር ነው ብለን አስቀድመን ተስፋ ቈርጠን ነበርና። አጭር ከሆነስ ማን ሳይጽፈው ቀርቶ ነው? ይህን አሳብ ለአንባብያን እንዳቀርብ ያነሣሣኝ ይህ ጥያቄ ነው።

ውክፔዲያ የሚባለውን መዝገበ ዕውቀት የማያውቅ ተማሪ ዛሬ የለም። ወላጆቻችን ግን ምን እንደ ሆነ ይጠይቁን ይሆናልና በአጭሩ ልግለጸው። ይህ መዝገብ የተጀመረው ጥር 7 ቀን 1993 ዓ. ም. ነው። ዛሬ ከ300 በሚበልጡ ቋንቋዎች ይጻፋል። ጸሐፊዎቹ ደመወዝ የሚከፈላቸው ሰዎች አይደሉም፤ መምህር፥ ተማሪ፥ ሐኪም፥ ጡረተኛ፥ ማንም ሰው የሚያውቀውን ይጽፍበታል፥ ሌላው የጻፈውንም ያርማል። ያነበበውም ሰው ምንጩን እስከ ጠቀሰ ድረስ ያለ ዋጋ ሊገለብጠውና ሊያሳትመው ይችላል።

እንግዲህ ይህ ነገር ለእኛ እንግዳ ነው የሚል ቢኖር አልስማማም። ገበሬው ሰብሉ ሲደርስ ጎረቤቶቹን ለደቦ ይጠራል፤ አንዱ ያጭዳል፥ አንዱ ይከምራል፥ አንዱ ይወቃል። የደቦው እርሻ ግን የአንድ ሰው ነው፤ የዚህኛው እርሻ ባለቤቱ ያነበበ ሁሉ ነው። በጽሕፈትም በኩል ቢሆን አባቶቻችን ሥራን እየተቀባበሉ መፈጸምን ያውቁበት ነበር። ትልቁ የግእዝ መዝገበ ቃላት የአንድ ሰው ሥራ አይደለም። መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ ጀመሩት፤ አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ከመምህራቸው ተቀብለው ዕድሜያቸውን ጨረሱበት፤ እርሳቸውም ታትሞ ሳያዩት ዐርፈው፥ አለቃ ደስታ ተክለ ወልድ ዐደራውን ተቀብለው በ1948 ዓ. ም. ለኅትመት አበቁት። አንዱ የጀመረውን ሁለተኛው አሳድጎ፥ ሦስተኛው ፈጽሞ ለእኛ ደረሰ።

ታዲያ በዚህ መዝገብ ውስጥ የእኛ ድርሻ ምን ያህል ነው? በእንግሊዝኛ የተጻፉት ጽሑፎች ወደ 7 ሚሊዮን ይደርሳሉ። በአማርኛ ያሉት ግን 15 ሺህ ያህል ናቸው፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ ከጥቂት መስመር አያልፉም። ቋንቋውን የሚናገረው ሕዝብ በብዙ ሚሊዮን የሚቈጠር ሲሆን፥ የሚጽፈው ሰው ግን እጅግ ጥቂት ነው ማለት ነው። ስለ ኢትዮጵያ የተዘጋጀውና በአምስት ታላላቅ ክፍሎች ታትሞ የተፈጸመው የሊቃውንት መዝገበ ዕውቀት እንኳ በጀርመን አገር በእንግሊዝኛ የተሰናዳ ነው። ለደከሙበት ሊቃውንት ምስጋና ይገባቸዋል። ነገር ግን የገጠር ትምህርት ቤት ተማሪ ያን መጽሐፍ ከወዴት ያገኘዋል? ቢያገኘውስ ስንቱ አንብቦ ይረዳዋል?

ይህን አሳብ ለጓደኞቼ ስነግራቸው ብዙ ተቃውሞ ገጠመኝ። ተቃውሞአቸው ባዶ ስላልሆነ አንድ በአንድ ልመልከተው።

የመጀመሪያው፥ ማንም የሚጽፍበት መዝገብ እንዴት ይታመናል? የሚለው ነው። ይህ ፍርሃት እውነት አለው። በ1997 ዓ. ም. አንድ ሰው በእንግሊዝኛው መዝገብ ላይ በአንድ የታወቁ አሜሪካዊ ጋዜጠኛ ስም ሐሰት ጽፎ፥ በፕሬዚዳንት ኬኔዲ ግድያ ተጠርጥረው ነበር ብሎ፥ ይህ ሐሰት አራት ወር ያህል ሳይታረም ቈይቶአል። ከዚያ የሚብሰው ደግሞ በ2014 ዓ. ም. በቻይንኛው መዝገብ የተገለጠው ነው። አንዲት ሴት ዐሥር ዓመት ያህል እየጻፈች በመካከለኛው ዘመን ስለ ነበረችው ሩሲያ ከ200 በላይ ጽሑፎችን ከልቧ አፍልቃ ኖራለች። ያልተደረገ ጦርነትና ያልነበረ የብር ማዕድን ማውጫ ሳይቀር ጽፋለች። ነገሩ የታወቀው አንድ የልብ ወለድ ደራሲ ስለዚያ ማዕድን ተጨማሪ ለማወቅ ፈልጎ የተጠቀሱትን ማስረጃዎች ሲከታተል ነው።

ይሁን እንጂ ሌላውንም ወገን መስማት ይገባል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2005 ኔቸር የተባለው የሳይንስ መጽሔት 42 የሳይንስ ጽሑፎችን ከውክፔዲያና ከታወቀው የብሪታኒካ መዝገብ ወስዶ ለሊቃውንት አስመርምሮ ነበር። በአማካይ በውክፔዲያው ጽሑፍ 4፥ በብሪታኒካው 3 ያህል ስሕተት ተገኘ። ስለዚህ የደመወዝተኞቹም መዝገብ ከስሕተት የጸዳ አይደለም። ልዩነቱ፥ በውክፔዲያ እያንዳንዱ ለውጥ በቀኑና በሰዓቱ ተመዝግቦ ይኖራል፤ ያበላሸውን ሰው ሥራ ሌላው ወዲያው ወደ ቀድሞው ሊመልሰው ይችላል። ይህ የሚሠራው ግን የሚጠብቅ ዓይን ሲኖር ነው። በእንግሊዝኛ ብዙ ሺህ ዓይኖች አሉ። በአማርኛ ጠባቂው ጥቂት ስለ ሆነ አንድ ስሕተት ለዓመታት ተኝቶ ሊኖር ይችላል። እንግዲህ አልታመነም ብለን ብንርቀው የባሰ የማይታመን እናደርገዋለን እንጂ አናድነውም።

ሁለተኛው ተቃውሞ፥ ዛሬ የኮምፒዩተር መተርጐሚያ ስላለ ከእንግሊዝኛው ተርጕሞ መሙላት ይቻላል፥ እኛ ለምን እንደክማለን? የሚል ነው። ለዚህ መልስ የሚሆን አንድ የስኮትላንድ ታሪክ አለ። በስኮትኛ ቋንቋ የተሰናዳው መዝገብ ከሲሶ የሚበልጠው ቋንቋውን በማያውቅ አንድ አሜሪካዊ ወጣት እጅ እንደ ተጻፈ በ2012 ዓ. ም. ታወቀ። ልጁ ክፉ አሳብ አልነበረውም፤ የእንግሊዝኛውን ቃል በመዝገበ ቃላት እየለወጠ ለቋንቋው የጠቀመ መስሎት ነበር። ባለቤቶቹ ግን ቋንቋቸው መሳቂያ ሆኖ አገኙት። የራስን ቤት ለሌላ ትቶ መሄድ ፍጻሜው ይህ ነው።

ሦስተኛው፥ ተማሪ ምን ያውቃል? የሚለው ነው። ለዚህ የምመልሰው በራሴ ላይ ከደረሰው ነው።

በከተማችን መግቢያ ያለውን የድንጋይ ድልድይ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሰው ሁሉ ጣሊያን የሠራው ነው ይላል። አያቴ ግን፥ «ሐሰት ነው፤ አባቴ ከጦርነቱ በፊት ለዚያ ድልድይ ድንጋይ በትከሻው ተሸክሞአል» ይሉ ነበር። እኔም ይህን ይዤ በአማርኛው መዝገብ ስለ ድልድዩ ጻፍሁ። ሦስት ቀን ሳይቈይ ጽሑፌ ተነሥቶ፥ በስፍራው «ማስረጃህ የት ነው?» የሚል ቃል ተጽፎ አገኘሁ። እጅግ ተናደድሁ። የእኔ አያት ዋሽተዋልን? ብዬ ረዥም የቍጣ መልስ ጻፍሁ። እንዳልልከው ያገዱኝ ራሳቸው አያቴ ናቸው።

«አባባ፥ ቃልህን አላመኑህም» ብላቸው ሣቁና፥ «ልጄ፥ እኔም ዳኛ ብሆን አንተን አልቀበልህም ነበር። አንተ አላየህም፤ እኔም አላየሁም፤ የሰማነውን ነው የምናወራ። ምስክር ሳይቈጠር የሚፈርድ ዳኛ የት አለ?» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ወደ ቤተ መጻሕፍት ሄጄ ስለ አውራጃችን መንገዶች የተጻፈ ፈለግሁ። ሁለት መጻሕፍት ድልድዩን ያነሡታል፤ የተሠራበትን ዓመት ግን አንዱም አይናገርም። ስለዚህ በመጻሕፍቱ የተጻፈውን ብቻ፥ ገጹን ጠቅሼ፥ በዘጠኝ መስመር ጻፍሁ። ያ ጽሑፍ እስከ ዛሬ አልተነሣም። የመዝገቡም ሕግ ይኸው ነው፦ ለጻፍኸው ማስረጃ ጥቀስ፤ ወደ አንድ ወገን አታድላ፤ ከራስህ የፈለሰፍኸውን አታግባ። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ታሪክ ጸሐፊ የማያዳላ ፍርድ እንደሚያሻው ከመቶ ዓመት በፊት አስተምረውናል። እኔ ግን ይህን ትምህርት በልቤ ያሳደርሁት ስለ አንድ ድልድይ ዘጠኝ መስመር ስጽፍ ነው። ስለዚህ ተማሪ ምን ያውቃል? ለሚለው፥ ብዙ አያውቅም፤ በመጻፉ ግን ይማራል እላለሁ። ወላጆቻችንም ይህ ጊዜ ከትምህርት የተሰረቀ እንዳይመስላቸው እለምናለሁ።

ነገር ግን የአያቴ ቃልስ? አያቴ ባለፈው ክረምት ዐርፈዋል። ስለ ድልድዩ የነገሩኝን፥ ድንጋዩ ከየትኛው ወንዝ እንደ ተጋዘ፥ ስንት ሰው እንደ ሠራ፥ ማን እንዳሠራው፥ በአራት የደብተር ገጽ ጽፌው ነበርና እርሱ ተርፎአል። እውነት ይሁን ስሕተት እኔ ልፈርድ አልችልም። የሚመረምር ሰው ቢመጣ ግን የሚመረምረው ነገር አለ። ከእርሳቸው ጋራ ያደጉት ሽማግሎች ግን ብዙ ነገር ሳይጻፍላቸው ሄደዋል። በቃል ያለ ይረሳል፥ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል የተባለው ለጌጥ አይደለም። ውክፔዲያ ያልታተመን ቃል አይቀበልም፤ ያላተምነው ግን እኛ ነን። ነቀፋው በመዝገቡ ላይ ብቻ ሊሆን አይገባም።

ስለዚህ ሁለት አሳብ አቀርባለሁ።

አንደኛው፥ ከ11ኛና ከ12ኛ ክፍል ያለን ተማሪዎች እያንዳንዳችን በዓመት አንድ የታሪክ ጽሑፍ በአማርኛ እንጻፍ። ረዥም መሆን የለበትም፤ ዘጠኝ መስመር ይበቃል። ዘመኑን በሁለቱም አቆጣጠር እናስላ፤ ማስረጃውን ከነገጹ እንጥቀስ፤ ከመላካችንም በፊት ለታሪክ መምህራችን እናሳይ። አንድ ሰው ቢጽፍ አይታወቅም፤ መቶ ተማሪ መቶ ጽሑፍ ቢጽፍ ግን የሚቀጥለው ዓመት ተማሪ አማርኛውን ከፍቶ የሚያነበው ያገኛል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው።

ሁለተኛው፥ ይህ መጽሔታችን በየዓመቱ ጥቂት ገጾች ለሽማግሎች ቃል ይስጥ። ተናጋሪው ማን እንደ ሆኑ፥ ዕድሜያቸው፥ ያዩትን ከሰሙት ለይተው የተናገሩት፥ ቃሉ የተጻፈበትም ቀን ይታተም። የተማሪዎች መጽሔት ሁልጊዜ በቂ ማስረጃ ሆኖ ላይቈጠር ይችላል፤ ይህን አልክድም። ሆኖም የታተመ ነገር በቤተ መጻሕፍት ይቀመጣል፥ ሊቅም አንሥቶ ሊመረምረው ይችላል። በደብተር የቀረውን ግን ምስጥ ይበላዋል።

አንዳንድ ጓደኞቼ፥ ስማችን በማይወጣበት ሥራ ለምን እንደክማለን? ይሉኛል። እውነት ነው፤ በዚያ መዝገብ ከጽሑፉ ራስ ላይ የጸሐፊው ስም አይቀመጥም። ነገር ግን የአያቴ አባት ድንጋይ ሲሸከሙ ስማቸው በድልድዩ ላይ አልተቀረጸም፤ እኛም እስከ ዛሬ በላዩ እንሻገራለን።

የአያቴን አራት ገጽ ለመጽሔቱ አዘጋጆች አስረክቤአለሁ። የሚመጣው ዓመት እትም በእርሱ ይጀምር ዘንድ፥ እናንተም ከየቤታችሁ የየበኩላችሁን ይዛችሁ ትመጡ ዘንድ በትሕትና እለምናለሁ።