ጄድ ጌጥ እንጂ መድኃኒት አይደለም

«የጄድ ድንጋይ ያለበት ፍራሽ ኩላሊትንና ወገብን ይፈውሳል» እያሉ በስልክና በየበሩ ለአረጋውያን መሸጥን እንቃወማለን። ጄድ ብርቱ ድንጋይ ነው፤ ቻይናውያን ጌጥ፣ የኒውዚላንድ ማኦሪዎችም መጥረቢያ ሠርተውበታል። ስሙ የመጣው «የጎን ድንጋይ» ከሚል የስፔን አጠራር ነው፤ የጎን ሕመም ያድናል ይባል ነበርና። ይህ ግን የቆየ እምነት እንጂ ሕክምና አይደለም። ፍራሹን የሚያሞቀው ኤሌክትሪክ ነው፤ ለወገብ የሚሆን ሙቀት ደግሞ በጠርሙስ ሙቅ ውሃም ይገኛል።

ውድ ወላጆች፣ ሐኪም ያዘዘላችሁን መድኃኒት በድንጋይ አትተኩ። ከገዛችሁም ተስፋ አትቁረጡ፤ ዕድሜው 65 የሞላ፣ ወይም ወደ እስራኤል ከገባ 5 ዓመት ያልሞላው ሰው፣ ሻጩ በስልክ ወይም ቤቱ መጥቶ አነጋግሮ ከሸጠለት፣ የሸማቾች ጥበቃ ሕግ በ4 ወር ውስጥ ግዢውን እንዲሰርዝ ይፈቅድለታል። ስረዛውን በጽሑፍ አድርጉ፤ ቅጂውንም ያዙ።