ታዳጊዎች ከልብ ወለድ ምን ይወስዳሉ?

ልብ ወለድ የታዳጊዎችን ጠባይ ይለውጣል? አዎን፣ ይለውጣል ባይ ነኝ። ወዴት እንደሚወስዳቸው ግን እኛ አዋቂዎች አስቀድመን የምናውቅ ሲመስለን እንሳሳታለን።

አሜሪካዊቷ ሱዛን ኮሊንስ እ.ኤ.አ. በ2008 ያሳተመችው «ዘ ሀንገር ጌምስ» ከ12 እስከ 18 ዓመት የሆናቸው ልጆች በዕጣ ተመርጠው፣ ሕዝብ በቴሌቪዥን እያያቸው የሚገዳደሉበት ታሪክ ነው። መጽሐፉ በወጣቶች ዘንድ ሲገን ወላጆች ደነገጡ። በ2010 እና በ2011 በአሜሪካ ከቤተ መጻሕፍት እንዲነሡ ብዙ አቤቱታ ከቀረበባቸው መጻሕፍት ተርታ ገባ። ስለ ደም ያነበበ ልጅ ደም ይለምዳል ተብሎ ተፈራ።

ልጆቹ ግን ሌላ ነገር ወሰዱ። ፊልሙ በ2012 ሲወጣ፣ ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ካትኒስ ቀስተኛ ናትና፣ ቀስት ለመማር የሚመዘገቡ አሜሪካውያን ልጃገረዶች በረከቱ። በ2014 የታይላንድ ጦር መንግሥት ሲገለብጥ ደግሞ ተቃዋሚዎች ከታሪኩ የተዋሱትን ሦስት ጣት የማንሣት ምልክት ይዘው አደባባይ ወጡ፤ በዚህም የታሰሩ ተማሪዎች አሉ። በ2020 የአገሪቱ ተማሪዎች በየትምህርት ቤታቸው ባንዲራ ሲሰቀል ያንኑ ምልክት አሳዩ። በዓመቱ ምልክቱ ማይንማር ደረሰ።

እነዚህን ወጣቶች መጽሐፉ አላሳመፃቸውም። ቁጣው ቀድሞም በውስጣቸው ነበረ፤ ታሪኩ የሰጣቸው መግለጫውን ነው። ታዳጊ ከሚያነበው ውስጥ አጥብቆ የሚይዘው በልቡ ካለው ጋር የሚገጥመውን ነው።

የሚያስፈራኝም ይኸው ነው። በልቡ ተስፋ መቁረጥ ያደረበት ልጅም ያነባል። የደራሲው የጄይ አሸር «ሠርቲን ሪዝንስ ዋይ» የተሰኘ ልብ ወለድ በ2017 በኔትፍሊክስ በተከታታይ ፊልም ሲቀርብ የአእምሮ ጤና ባለሙያዎች ራስን የማጥፋት ትዕይንቱ ለተጎዱ ልጆች አደገኛ ነው ብለው አስጠነቀቁ። ተመራማሪዎች በጉዳቱ መጠን ላይ ቢከራከሩም፣ ኔትፍሊክስ በ2019 ትዕይንቱን ቆርጦ አወጣው። ትክክል አደረገ እላለሁ።

ታዲያ ወላጅና መምህር ምን ያድርጉ? መጽሐፉን መንጠቅ አይበጅም፤ ልጁ ተደብቆ ያነበዋል፣ ስላነበበውም የሚያዋየው ሰው ያጣል። መጽሐፉን እኛም እናንብበው። ከዚያ «ከሁሉም ማንን ወደድሽ? አንቺ ብትሆኚ ምን ታደርጊ ነበር?» ብለን እንጠይቅ። መልሱ ከመጽሐፉ ይልቅ ስለ ልጅቱ ይነግረናል። የሚያሳስብ ነገር ከሰማን ደግሞ ሳንቆጣ እንስማት፤ ሳንዘገይም ወደ ባለሙያ እንውሰዳት። ሳንሱር ይህን ሊያደርግልን አይችልም፤ የእኛ ድርሻ ነው።