መብራቷ ለምን አልበራችም?

ወላይታ ሶዶን የሚያውቅ ሰው የዳሞታን ተራራ ሳያውቅ አይቀርም። በዚሁ አካባቢ ደግሞ ከሩቅ የሚታይ ሌላ ነገር አለ፤ ይኸውም በብረት ምሰሶ ላይ ተዘርግቶ ወደ ደቡብ የሚሄደው የኤሌክትሪክ መስመር ነው። መስመሩ ከሶዶ ተነሥቶ በኬንያ አገር ሱስዋ እስከሚባለው ስፍራ ድረስ 1,045 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ግፊቱ 500,000 ቮልት ሲሆን እስከ 2,000 ሜጋ ዋት ኃይል ለማስተላለፍ ይችላል። ሥራውንም በ2015 ዓ.ም. ጀመረ።

በሶዶው ጣቢያ የሚፈጸመው ዋና ሥራ ኮረንቲን ከአንድ ዓይነት ወደ ሌላ ዓይነት መለወጥ ነው። በየቤታችን የሚገባው ኮረንቲ ኤ.ሲ. ይባላል፤ በአንድ ሴኮንድ ውስጥ 50 ጊዜ ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል። ወደ ኬንያ የሚሄደው ግን ዲ.ሲ. ነው፤ ከባትሪ ድንጋይ እንደሚወጣው ኮረንቲ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ይፈስሳል። መንገዱ እጅግ ሲረዝም በዲ.ሲ. የሚባክነው ኃይል ያንሳል።

እንግዲህ ይህን ያህል ሥራ በአጠገባችን ሲሠራ፣ ከእኛ ከወጣቶቹ መካከል አንዲት ትንሽ መብራት በገዛ እጁ አገናኝቶ ለማብራት የሚችል ስንት ነው? የኦምን ሕግ በፈተና ወረቀት ላይ ያልጻፈ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የለም ለማለት ይቻላል። ነገር ግን ለዚያው ተማሪ አንዲት መብራት፣ አንድ ሬዚስተርና ሁለት ሽቦ ብትሰጡት ብዙ ጊዜ ግራ ይገባዋል። ዕውቀቱ በደብተሩ ውስጥ ነው፤ ወደ እጁ አልወረደም። የዛሬው ጽሑፌ ዕውቀትን ከደብተር ወደ እጅ ስለምታወርድ ስለ አንዲት ርካሽ መምህርት ነው፤ እርሷም ኤል.ኢ.ዲ. የምትባለው መብራት ናት።

ኤል.ኢ.ዲ. በሬዲዮና በቴሌቪዥን ፊት፣ በስልክ ቻርጀር፣ በእጅ ባትሪም ውስጥ ትገኛለች። በዓይን የሚታይ ቀይ ብርሃን የምትሰጠውን እ.ኤ.አ. በ1962 የሠራው ኒክ ሆሎንያክ የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ ነው። ዛሬ ቤታችንን የሚያበራውን ነጭ ብርሃን ለማግኘት ግን ደማቅ ሰማያዊ መብራት መገኘት ነበረባት። ይህችን ያስገኙት በጃፓን የተወለዱት ኢሳሙ አካሳኪ፣ ሂሮሺ አማኖና ሹጂ ናካሙራ እ.ኤ.አ. በ2014 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። ከቀይዋ እስከ ሰማያዊቱ 30 ዓመት ያህል ማለፉን ያሰበ ሰው፣ በአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራው አልሳካ ቢለው ተስፋ ሊቈርጥ አይገባውም።

መብራቷን የሚያዝዛት ማይክሮኮንትሮለር ይባላል፤ በአንዲት ጥቁር ቺፕ ውስጥ የተሰበሰበ ትንሽ ኮምፒዩተር ማለት ነው። ለጀማሪዎች የተለመደው አርዱዊኖ የተባለው ሰሌዳ ነው። ይህም እ.ኤ.አ. በ2005 በኢጣልያ አገር ኢቭሬያ በተባለች ከተማ ለተማሪዎች ተብሎ ተሠራ። ስሙም ሠሪዎቹ ይሰበሰቡበት ከነበረው ቡና ቤት የተወሰደ ነው። አርዱዊኖ ኡኖ የተባለው ዓይነት በሴኮንድ 16 ሚሊዮን ጊዜ የሚመታ ሰዓት አለው፤ ለትእዛዝ ማስቀመጫ ያለው ቦታ ግን 32 ኪሎ ባይት ብቻ ስለ ሆነ በስልካችን ከምናነሣው ከአንድ ፎቶግራፍ እጅግ ያንሳል። ጀማሪ ሁሉ በመጀመሪያ የሚጽፍለት ትእዛዝ «አንድ ሴኮንድ አብራ፤ አንድ ሴኮንድ አጥፋ» የሚል ነው። ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ከተማሪዎች ጋር ሁኖ ይህን ሥራ የሚከታተል ሰው ብዙ ነገር ያያል። ዋና ዋናውን በተራ ልግለጽ።

1ኛ፤ አቅጣጫ። ኤል.ኢ.ዲ. ሁለት እግር አላት፤ ረጅሙ የፖዘቲቭ፣ አጭሩ የኔጋቲቭ ነው። ኮረንቲን በአንድ አቅጣጫ ብቻ ስለምታሳልፍ ተገልብጣ ከተሰካች አትበራም። ተማሪው ግን ወዲያውኑ «ቲቸር፣ ይህች ሞታለች» ብሎ ሌላ ይጠይቃል። ሁለተኛዋን በዚያው አኳኋን ይሰካታል፤ እርሷም «ትሞታለች»። ሦስተኛዋም እንዲሁ። በኋላ አንዲት ልጅ ቀረብ ብላ መብራቷን ነቅላ አገላብጣ ስትሰካት ክፍሉ በሳቅ ይሞላል። የሶዶው ጣቢያ ኤ.ሲ.ን ወደ ዲ.ሲ. የሚለውጠውም ኮረንቲን በአንድ አቅጣጫ ብቻ በሚያሳልፉ ታላላቅ መሣሪያዎች መሆኑን በዚያች ሰዓት የሰማ ተማሪ በቶሎ አይረሳውም።

2ኛ፤ ልክ። ሰሌዳው 5 ቮልት ይሰጣል፤ ቀይዋ መብራት 2 ቮልት ያህል ትወስዳለች፤ 3 ቮልት ይተርፋል። ይህን 3 ቮልት 220 ኦም በሆነ ሬዚስተር ብናካፍለው 14 ሚሊ አምፔር ያህል ይወጣል፤ ለመብራቷም ለሰሌዳውም የሚስማማ ልክ ነው። ሬዚስተሩ ከተረሳ መብራቷ ከመጠን በላይ ትደምቃለች፤ ተማሪውም ደስ ይለዋል። ነገር ግን ከሰሌዳው አንድ እግር ሁልጊዜ ሊወጣ የሚገባው 20 ሚሊ አምፔር ገደማ ነው፤ 40 ደግሞ የመጨረሻው ወሰን ነው። ስለዚህ ያ ድምቀት መብራቷን ወይም ሰሌዳውን የሚያቃጥል ድምቀት ነው። በሌላ በኩል ደግሞ ሬዚስተሩ ላይ የተቀባውን ቀለም በደንብ ማንበብ ያስፈልጋል። ቀይ፣ ቀይ፣ ቡናማ 220 ኦም ነው፤ ቀይ፣ ቀይ፣ ብርቱካን ግን 22,000 ኦም ነው። አመሻሽ ላይ ቡናማውን ከብርቱካኑ ያልለየ ዓይን ኮረንቲውን 100 እጥፍ ያሳንሰዋል፤ መብራቷም በጨለማ ካልሆነ በቀር በራች አትባልም።

ሕጉን ያገኘው ጌኦርግ ኦም በጀርመን አገር በኮሎኝ ከተማ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነበር። ሽቦ እየለካ፣ መሣሪያውን በገዛ እጁ እየሠራ የደረሰበትን ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1827 በመጽሐፍ አወጣው፤ ያገሩ ሰዎች ግን በቀዝቃዛ ስሜት ተቀበሉት። የለንደን ንጉሣዊ ማኅበር ኮፕሊ የተባለውን ሜዳሊያ የሰጠው ከ14 ዓመት በኋላ በ1841 ነው። እኛ በአንድ መሥመር የምናጠናው ቀመር የእጅ ሥራ ፍሬ መሆኑን ማስታወስ ይገባናል።

3ኛ፤ መነሻ። ብዙ መብራት ማብራት የፈለገ ተማሪ ለመብራቶቹ የብቻ ባትሪ ያዘጋጅላቸዋል፤ ሰሌዳው ደግሞ ከኮምፒዩተሩ ይመገባል። የሁለቱን ኔጋቲቭ በአንድ ሽቦ ካላገናኘ የሰሌዳው ትእዛዝ በመብራቶቹ ዘንድ ትርጕም አይኖረውም፤ ምክንያቱም ቮልት ማለት በሁለት ነጥብ መካከል ያለ ልዩነት ነው። የዳሞታን ከፍታ ሲለኩ አንዱ ከሶዶ ገበያ፣ ሌላው ከአባያ ሐይቅ ዳር ቢነሡ ቍጥራቸው ከቶ አይስማማም። በመሥሪያ ቤትም የሁለት ክፍሎች ሒሳብ አልገጥም ሲል አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት መነሻቸው አንድ መሆኑ ነው።

4ኛ፤ አንድ በአንድ መፈተሽ። መብራቷ ባልበራች ጊዜ ጀማሪው ሽቦውንም፣ ሬዚስተሩንም፣ ትእዛዙንም በአንድ ጊዜ ይለውጣል። ብትበራ እንኳ በምን እንደ በራች አያውቅም፤ ባትበራ ደግሞ ስሕተቱ ሁለት ይሆናል። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች እንዲሉ ነው። ትክክለኛው መንገድ ነገሩን ከሁለት መክፈል ነው። በአርዱዊኖ ኡኖ ሰሌዳ ላይ ከ13ኛው እግር ጋር የተያያዘች ትንሽ መብራት አለች። አስቀድሞ እርሷን ማዘዝ ነው። እርሷ በትእዛዙ መሠረት ብልጭ ድርግም ካለች ኮምፒዩተሩም፣ ገመዱም፣ ትእዛዙም ደኅና ናቸው፤ ስሕተቱ በውጭ ከሰካነው ሽቦ ውስጥ ነው። እምቢ ካለች ግን ሽቦውን መነካካት አያስፈልግም። አንዳንድ ጊዜ ጥፋቱ የገመዱ ሁኖ ይገኛል፤ ስልክ ለመሙላት ብቻ የተሠራ ገመድ ኃይል ያስተላልፋል እንጂ ትእዛዝ አያስተላልፍም። ሰሌዳው ኃይል አግኝቶ ስለሚበራ ማንም ገመዱን አይጠረጥረውም።

5ኛ፤ መስማት። ከመብራቷ ቀጥሎ የሚመጣው ሥራ መጫኛ ቁልፍ መጨመር ነው። ቁልፉ ባልተጫነ ጊዜ የሰሌዳው እግር ከምንም ነገር ጋር ሳይገናኝ ከቀረ፣ እጅ ሲቀርበው እንኳ መብራቷ በራሷ ትበራለች፤ ትጠፋለች። ተማሪዎች ይህን ሲያዩ አስማት ይመስላቸዋል። እንዲህ ያለውን እግር በሬዚስተር ከታወቀ ቦታ ጋር ማሰር ያስፈልጋል፤ አለዚያ የሰማውን ወሬ ሁሉ እንደሚያምን ሰው ይሆናል። ቁልፉ ሲጫን ደግሞ በውስጡ ያሉት ብረቶች በጥቂት ሺህኛ ሴኮንድ ውስጥ ደጋግመው ይነጥራሉ። ለእኛ አንድ ጊዜ የተጫነው ለፈጣኑ ቺፕ አምስት ስድስት ጊዜ ሊሆንበት ይችላል። መድኃኒቱ የመጀመሪያውን ከሰማ በኋላ 50 ሺህኛ ሴኮንድ ያህል ታግሦ እንደገና እንዲጠይቅ ማዘዝ ነው።

6ኛ፤ መጠበቅ። «አንድ ሴኮንድ ጠብቅ» የተባለው ሰሌዳ በተለመደው ትእዛዝ ያን ሴኮንድ ሙሉ ሌላ ሥራ አይሠራም፤ ቁልፉ ቢጫንም አያይም። አንዱ ጉዳይ ከበላይ እስኪመለስ ድረስ መስኮቱን ዘግቶ የሚቀመጥ ጸሐፊ ማለት ነው፤ በውጭ ያለው ባለጉዳይ ቢያንኳኳ የሚሰማው የለም። ሌላው ዘዴ ሰሌዳው ሰዓቱን እያየ እንዲሠራ ማድረግ ነው። መብራቷን ያበራበትን ጊዜ ይመዘግባል፤ ሌላውን ሥራ እየሠራ አለፍ አለፍ ብሎ ሰዓቱን ይመለከታል፤ ሴኮንዱ ሲሞላ ያጠፋታል። ሁለት መብራት በተለያየ ፍጥነት ብልጭ ድርግም ማሰኘት የቻለ ጀማሪ ይህን ዘዴ ዐወቀ ማለት ነው።

አንዳንድ ሰዎች «ይህ የልጆች መጫወቻ ነው፤ ከፈተና ጊዜ ላይ ይሻማል» ይላሉ። ሌሎች ደግሞ «ትእዛዙ ተጽፎ ተዘጋጅቶ ይገኛል፤ መገልበጥ ይበቃል» ይላሉ። ለሁለቱም መልሱ አንድ ነው። ትእዛዙን የገለበጠ ተማሪ መብራቷን ያበራል። ነገር ግን «ሁለት ጊዜ ብልጭ ብላ፣ ሦስት ሴኮንድ ዐርፋ፣ እንደገና ትጀምር» ቢባል ዝም ይላል። የገባው ተማሪ ቍጥሮቹን አይቶ ሁለት ሦስት መሥመር ይለውጣል። ወንበሩ ተማሪዎችን ጐን ለጐን አስቀምጦ የማያሳየውን ልዩነት ይህች ትንሽ መብራት ታሳያለች፤ የማንንም ፊት አታይም፤ ስለ ለመናትም አትበራም።

ከዚህ ላይ ለእኛ ለመምህራንም አንድ ነገር ልበል። በፊዚክስ ትምህርት ከምንሰጠው ነጥብ ጥቂቱን ለሚሠራ ሥራ ብናደርገው፣ ከዚያም ውስጥ ግማሹን «ምን ተበላሸብኝ፤ እንዴትስ አገኘሁት» ብሎ ለሚጻፍ አንድ ገጽ ብንመድበው፣ ተማሪው ስሕተቱን ከመደበቅ ይልቅ መመዝገብ ይለምዳል። የታላቁ መስመር ጠባቂዎች የሚሆኑት እነዚሁ ልጆች ናቸው። በ500,000 ቮልት ፊት የሚቆም ሰው መገመት አይፈቀድለትም፤ ሳይገምቱ መፈተሽን ደግሞ በ5 ቮልት መማር ይሻላል።

ሰሌዳውን ለብቻ መግዛት ለብዙዎቻችን ከባድ ነው፤ ነገር ግን አራት አምስት ተማሪ ወይም የአንድ ቢሮ ጓደኞች ተባብረው አንድ ቢገዙ ይበቃቸዋል። ሰሌዳ የሌለውም ሁለት የባትሪ ድንጋይ፣ አንዲት ቀይ ኤል.ኢ.ዲ.ና አንድ 100 ኦም ሬዚስተር ይዞ ለመጀመር ይችላል። ሁለቱ ድንጋዮች ተቀጣጥለው 3 ቮልት ይሰጣሉ፤ መብራቷ 2 ቮልት ወስዳ የቀረው 10 ሚሊ አምፔር ያህል ያሳልፋል። ሰማያዊና ነጭ መብራት ግን 3 ቮልት ያህል ስለሚፈልጉ በዚህ አሠራር በደንብ ላይበሩ ይችላሉ። አንድ ነገር አደራ! ከግድግዳ የሚመጣው 220 ቮልት ሰው ይገድላል፤ ለዚህ ሥራ ፈጽሞ አይነካም።

ለሚመጣው ሳምንት ይህን የቤት ሥራ እተውላችኋለሁ። ሦስት ቀይ መብራቶችን አንዷን ከሌላዋ አስከትላችሁ በአንድ መሥመር ብትቀጥሉና ከሰሌዳው 5 ቮልት ጋር ብታገናኙ ይበራሉን? አስቀድማችሁ በወረቀት ላይ አስሉት፤ ከዚያም በእጃችሁ ሞክሩት። ወረቀቱና መብራቱ ካልተስማሙ ደግሞ ሁለቱንም ሳትቈጡ እንደገና ፈትሹ።