መኪናው የእኔ፣ ቁልፉ የእነሱ?

ዛሬ የማነሳው ጉዳይ ላይ ላዩን ሲያዩት የጋራዥ ወሬ ይመስላል። ሥሩ ግን የንብረት መብትና የምንተነፍሰው አየር ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

አንድ አሜሪካዊ ገበሬ ትልቅ የናፍጣ ፒክአፕ ይገዛል እንበል። ዕዳውን ከፍሎ ጨርሶ መኪናው በስሙ ሆኗል። ጎማ ቢቀይር፣ ቀለም ቢቀባ፣ ካምቢዮውን አውርዶ ቢበታትን ማንም አይናገረውም። ኮፈኑን ከፍቶ አንዲት ትንሽ ሳጥን ጋ ሲደርስ ግን «እሷን እንዳትነካ» ይባላል። ያቺ ሳጥን የሞተሩ ኮምፒውተር ናት።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና መጀመሪያ ሥራዋን እንይ። ምን ያህል ናፍጣ፣ በየትኛው ቅጽበት እንደሚረጭ፣ ቱርቦው ምን ያህል አየር እንደሚገፋ፣ የጭስ ማጣሪያው መቼ እንደሚጸዳ የምትወስነው እሷ ናት። የምትወስነውም ውስጧ በተጻፉ የቁጥር ሠንጠረዦች ነው። ባለሙያ እነዚህን አውጥቶ፣ አስተካክሎ መልሶ ሲጭናቸው የሞተሩ ጉልበትና የናፍጣ ፍጆታው ይለወጣል። አምራቾች ይህን ለመከልከል ሶፍትዌሩን ይቆልፉታል። የጄኔራል ሞተርስ ዱራማክስ ሞተር በ2017 ሞዴል ሲታደስ መቆለፊያው ከመጥበቁ የተነሳ ባለቤቶች ሳጥኑን ነቅለው፣ ለሚከፍትላቸው ባለሙያ በፖስታ እስከ መላክ ደርሰዋል።

ሕጉስ ምን ይላል? በ1998 የወጣው የአሜሪካ ዲጂታል የቅጂ መብት ሕግ ዲጂታል መቆለፊያ መስበርን ይከለክላል። ሲወጣ ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ፊልምና ሙዚቃ ስርቆት ነበር። ኋላ ግን እጁ ትራክተርና ፒክአፕ ድረስ ረዘመ። በ2015 ለባለቤቶች ልዩ ፈቃድ ይሰጥ ሲባል አምራቾቹ ተቃወሙ። ጆን ዲር የተባለው ትራክተር ሠሪ፣ ገዢው በሶፍትዌሩ ላይ ያለው የመጠቀም ፈቃድ እንጂ ባለቤትነት አይደለም ብሎ ተከራከረ። ልብ በሉ! ሙሉ ዋጋ የከፈለው ገበሬ በገዛ ትራክተሩ ላይ ተከራይ ሆነ ማለት ነው።

የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲም በዚያው ዓመት ጁላይ ላይ «ሰዎች ሶፍትዌሩን ከነካኩ ብክለት ይጨምራል» በሚል ስጋት ፈቃዱን ተቃወመ። ሁለት ወር ቆይቶ፣ በሴፕቴምበር፣ ያው ኤጀንሲ የቮልስዋገንን ጉድ ይፋ አወጣ። ኩባንያው ምርመራ ላይ መሆኑን የሚያውቅ፣ ምርመራው ሲያልቅ የጭስ ቁጥጥሩን የሚያላላ ሶፍትዌር በዓለም ዙሪያ 11 ሚሊዮን ገደማ መኪኖች ውስጥ ሸሽጎ ነበር። ማን ሸሸገው? ሠፈር ጋራዥ ያለው መካኒክ? አይደለም። ቁልፉን የያዘው አምራች ራሱ ነው።

«እሱ የጀርመኖች ጉዳይ ነው» የሚል ካለ ወደ ፒክአፑ እንመለስ። ሞተር ሠሪው ካሚንስ ከ2013 እስከ 2019 ሞዴል በሆኑ 630,000 ገደማ ራም ፒክአፖች ላይ የጭስ ቁጥጥሩን የሚያታልል ሶፍትዌር ጭኗል ተብሎ ተከሰሰ። ኩባንያው ጥፋቱን ባያምንም በ2023 መጨረሻ 1.675 ቢሊዮን ዶላር ቅጣት ለመክፈል ተስማማ። እንግዲህ «መቆለፊያው አየሩን ለመጠበቅ ነው» የሚሉን እነዚህ ናቸው። ጅብ የማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ!

«መብታችን ነው» ባዮቹንም ግን ዝም ብዬ አላልፍም። ኤጀንሲው በ2020 ባወጣው ሪፖርት መሠረት በ10 ዓመት ገደማ ውስጥ ከ550,000 በላይ የናፍጣ ፒክአፖች የጭስ መቆጣጠሪያቸው ተነቅሏል ወይም በሶፍትዌር ተዘግቷል። በዚህ የተነሳ የሚለቀቀው ትርፍ ናይትሮጅን ኦክሳይድ ከ570,000 ቶን በላይ ተገምቷል። አንዳንዱ እንዲያውም ሆን ብሎ ናፍጣ አብዝቶ፣ በብስክሌት በሚሄድ ሰው ላይ ጥቁር ጭስ እየተፋ ይስቃል፤ ስሙንም ነጻነት ይለዋል። ወዳጄ፣ ኮምፒውተሩ ያንተ ነው። ጭሱ የሚገባበት ሳንባ ግን የጎረቤትህ ልጅ ነው።

ታዲያ መፍትሔው ምንድን ነው? ሶፍትዌሩ ይከፈት፣ ጭሱ ይለካ። ቮልስዋገን የተያዘው በመቆለፊያ አይደለም። የዌስት ቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች መለኪያ መኪናው ላይ ጭነው፣ መንገድ ላይ እየነዱ በመለካታቸው ነው። ባለቤቱም አምራቹም በአንድ ሚዛን ይመዘኑ፤ አየሩን የበከለ፣ ማንም ይሁን ማን፣ ይቀጣ።

አሜሪካኖቹ በ2015 መጨረሻ ፈቃዱን ለጥገናና ሌላ ሕግ ለማይጥስ ማሻሻያ ሰጥተዋል። ነገር ግን በየ3 ዓመቱ መታደስ አለበት፤ መክፈቻ መሣሪያ ሠርቶ መሸጥንም አይሸፍንም። በርህን ክፈት፣ ቁልፍ የሚሸጥልህ ግን ሊከሰስ ይችላል እንደ ማለት ነው። ይህ ግማሽ መብት ነው።

«እኛን ምን አገባን?» እንዳትሉኝ። አገራችን በ2024 መጀመሪያ የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ከልክላለች። ያሉት መኪኖች ለብዙ ዓመት በጥገና ነው የሚኖሩት። በምትካቸው የሚገቡት የኤሌክትሪክ መኪኖች ደግሞ ከባትሪው እስከ ቻርጁ በሶፍትዌር የሚታዘዙ ናቸው። የሶፍትዌሩ ቁልፍ ባሕር ማዶ ባለ ኩባንያ እጅ ብቻ ከቀረ የእኛ መካኒክ ሙያው ምን ሊጠቅመው ነው? ባለመኪናውስ ኩባንያው አልጠግንም ካለው የት ሊሄድ ነው?

ስለዚህ ጊዜው ሳያልፍ በሕግ ይጻፍ። መኪና የሚያስመጣ ሁሉ የምርመራ ሶፍትዌሩንና የጥገና መረጃውን ለማንኛውም ጋራዥ በተመጣጣኝ ዋጋ እንዲያቀርብ ይገደድ። ቦሎ ከመለጠፉ በፊትም የናፍጣ መኪና ጭስ በአግባቡ ይለካ። ሊብሬው በስሜ ከወጣ ኮምፒውተሩም አብሮ በስሜ ይውጣ፤ ለጭሱ ደግሞ እኔው ልጠየቅ።

የምትቃወሙኝ ካላችሁ በምክንያት ሞግቱኝ። የተስማማችሁ ለአንድ መካኒክና ለአንድ አስመጪ አድርሱልኝ።