ምስሉ ይጠረጥራል፣ መርፌው ያረጋግጣል

አንዲት ሴት ጡቷን ዳብሳ ምንም እብጠት አላገኘችም። ሐኪሙም በእጁ አላገኘም። ማሞግራፊው ግን አንድ አጠራጣሪ ነገር አሳየ። ይሄኔ ቤተሰብ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ «ቶሎ ኦፕራሲዮን ተደርጋ ይውጣላት» ይላል። ሌላው «እንዳታስነኩት! ካንሰር ብረት ከነካው ይሰራጫል» ብሎ ይከለክላል። ሁለቱም የሚናገሩት ከፍቅር ነው፤ ሁለቱም ግን ተሳስተዋል።

ምስል ጥርጣሬ እንጂ ፍርድ አይደለም። የራዲዮሎጂ ሐኪሞች ላዩት ነገር «ባይራድስ» በሚባል መለኪያ ደረጃ ይሰጡታል። 3 ከሆነ ካንሰር የመሆን ዕድሉ ከ2 በመቶ አይበልጥም፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ6 ወር በኋላ እንደገና ይታያል። 4 ከሆነ ግን ዕድሉ ከ2 እስከ 95 በመቶ ይዘረጋል። በዚህ ስፋት ውስጥ በግምት መቅደድም፣ በግምት መተውም ቁማር ነው።

መልሱ በምስል የሚመራ መርፌ ነው። ቦታው ይደነዝዛል፤ ሐኪሙ አልትራሳውንዱን እያየ ከተጠረጠረው ቦታ ቀጫጭን የሥጋ ቁራጮች ይወስዳል። በማሞግራፊ ብቻ ለሚታዩ ጥቃቅን የካልሲየም ነጠብጣቦች ደግሞ መርፌውን የሚመራው ማሞግራፊው ራሱ ነው። ታካሚዋ በዚያው ቀን ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ካንሰር አይደለም ከተባለ አብዛኛውን ጊዜ ከቢላዋ ተረፈች ማለት ነው። ካንሰር ከሆነም ዓይነቱ አስቀድሞ ስለሚታወቅ ሕክምናው በዕቅድ ይጀመራል።

መሰራጨቱስ? መርፌው ባለፈበት መስመር ጥቂት ሴሎች ከቦታቸው ሊንቀሳቀሱ ይችላሉ። ይህ ግን የታካሚዎችን ዕድሜ እንደሚያሳጥር አልታየም። ዕድሜ የሚያሳጥረው መዘግየት ነው። በእርግጥ መርፌውም ይስታል፤ ምስሉ ክፉኛ እያስጠረጠረ የናሙናው ውጤት «ሰላም ነው» ካለ፣ ናሙናው ዳግም መወሰድ አለበት።

በኢትዮጵያ ሴቶች ላይ በብዛት የሚታየው ካንሰር የጡት ካንሰር ነው። ብዙዎቹ ሐኪም ዘንድ የሚደርሱት በሽታው ከገፋ በኋላ ነው። በእጅ ሳይዳሰስ በምስል መገኘት እንግዲህ ትልቅ ዕድል ነው። ነገር ግን መርፌውን የሚመራ የሰለጠነ ሐኪምና ናሙናውን የሚያነብ ፓቶሎጂስት ከሌለ፣ ሪባን ተቆርጦ የተመረቀው ማሽን ትርፉ ጭንቀት ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት የጡት ካንሰር ምርመራ በ60 ቀን ውስጥ እንዲጠናቀቅ ግብ አስቀምጧል። የጤና ኃላፊዎቻችን ሪፖርት ሲያቀርቡ «ስንት ሴቶች ማሞግራፊ ተነሱ?» በሚለው ብቻ መታለፍ የለባቸውም። «ስንቶቹ በ60 ቀን ውስጥ ቁርጡን አወቁ?» ተብለው ይጠየቁ።