ዝንጅብሉ ከደጅ፣ ብስኩቱ ከሩቅ

ወደ ሚዛን ተፈሪ ወይም ወደ ቴፒ ለሥራ የሚመደብ ወጣት አስቀድሞ የሚሰማው ወሬ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ደኑና ስለ ቡናው ነው። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በጅማና በቦንጋ በኩል ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ተጕዞ ሲደርስ ወሬው እውነት መሆኑን በዐይኑ ያያል። ዛሬ ሚዛን አማን በሚል ስም የምትጠራው ከተማ ዙሪያዋ ሁሉ አረንጓዴ ነው፤ የቤበቃ የቡና ልማትም ከዚያ ብዙ አይርቅም። በቴፒ መንገድ ግራና ቀኝ ቡናው፣ እንሰቱ፣ ሙዙና ቅመማ ቅመሙ ይታያል። ይህን ሁሉ ሲያደንቅ የዋለው ወጣት ማታ ከሥራ ወጥቶ ወደ ቤቱ ሲገባ ግን ለቡና ቍርስ ብሎ ከሱቅ የሚገዛው፣ ከሩቅ ተጭኖ የመጣ በፕላስቲክ የተጠቀለለ ብስኩት ነው። በመጠቅለያውም ላይ «የዝንጅብል ጣዕም ያለው» የሚል ጽሑፍ ተገኝቶ እንደ ሆነ ነገሩ ከማስገረም አልፎ ያስቃል።

ስለ ብስኩት ርእሰ አንቀጽ መጻፍ ቀልድ የሚመስለው አንባቢ እንደሚኖር እናውቃለን። በአገሩ ስንት ከባድ ጕዳይ ሳለ ጋዜጣ ማድ ቤት ምን አገባው ይባል ይሆናል። እኛ ግን የተማረ ሰው የሚሠራበትን አገር ማወቁ የሚታየው ለአለቃው በሚያቀርበው ሪፖርት ብቻ ሳይሆን በቤቱ ገበታም ጭምር ነው ብለን እናምናለን። ስለዚህ ዛሬ በቤት ውስጥ ስለሚጋገር ለስላሳ የዝንጅብል ብስኩት፣ ከዚሁም ጋር ዝንጅብሉን ራሱን ስላገኘው መከራ ጥቂት ለመናገር እንወዳለን።

አስቀድመን በአገሩ ያለውን እንመልከት። ዝንጅብል ከእስያ ወገን የመጣ ተክል ነው፤ የዓረብ ነጋዴዎች ከ13ኛው መቶ ዓመት አንሥቶ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ እንዳገቡት ጸሐፍት ይገምታሉ። ኰረሪማ ግን እንግዳ አይደለም። በከፋ፣ በሸካና በቤንች ደኖች ውስጥ በዛፍ ጥላ ሥር የሚበቅል የገዛ አገራችን ቅመም ነው፤ የሳይንስ ሰዎችም የላቲን ስም ሲያወጡለት ስሙን ከእኛው ወስደው ኮሮሪማ ብለውታል። ማሩን የተመለከትን እንደ ሆነ ንቡ የሚቀስመው ከደኑ አበባ ነው፤ ቀፎ ከረጅም ዛፍ ላይ ማውጣትም የአገሩ ሰው ከአባቶቹ የተቀበለው ሙያ ነው። ዩኔስኮ የከፋን ደን በ2002 ዓ.ም.፣ የሸካን ደን ደግሞ በ2004 ዓ.ም. በዓለም የባዮስፌር ጥብቅ ክልሎች መዝገብ ውስጥ አግብቷቸዋል። የስንዴው ዱቄትና ስኳሩ ከሌላ አገር ተጭነው እንደሚመጡ አንክድም። ነገር ግን የዝንጅብል ብስኩት ሽታውና ጣዕሙ የሚገኘው ከእነዚያ ከሦስቱ እንጂ ከዱቄቱ አይደለም።

በጀርመን አገር ኑረንበርግ የምትባል ከተማ አለች፤ በማርና በቅመም በሚጋገር ብስኩቷ ስሟ በዓለም የታወቀ ነው። የዚህ ብስኩት ጋጋሪ በከተማዋ መዛግብት ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1395 ተጠቅሶ ይገኛል፤ በ1643 ጋጋሪዎቹ የራሳቸውን የሙያ ማኅበር አቆሙ፤ በ1996 ደግሞ የአውሮጳ ኅብረት በከተማይቱ ስም የሚጠራውን ብስኩት ሌላ እንዳይጋግረው በሕግ ጠበቀላት። በኑረንበርግ ዝንጅብል አይበቅልም፤ ቀረፋም አይበቅልም። ቅመሙ ባሕርና በረሃ አቋርጦ በነጋዴ እጅ በውድ ዋጋ ይመጣ ነበር። የነበራቸው ነገር ደን ነው፤ በከተማዋ ዙሪያ ያለው ደን በንቡ ብዛት የተነሣ የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የንብ አትክልት ቦታ እስከ መባል ደርሷል። ደንና ማር ብቻ ይዘው ይህን ያህል ከሠሩ፣ ደኑም ማሩም ቅመሙም በአንድ ወረዳ ውስጥ የሚገኝለት የቴፒ ሰው ምን ይጎድለዋል? ጥያቄው ስድብ አይደለም፤ በእውነት መልስ የሚሻ ነው።

መልሱ ከፊሉ የሚገኘው ከዝንጅብሉ ጤና ላይ ነው። በ2004 ዓ.ም. ገደማ በደቡቡና በደቡብ ምዕራቡ የዝንጅብል እርሻ ላይ አጠውላጊ የባክቴሪያ በሽታ ወርዶ ብዙ ገበሬ ማሳውን ባዶ አድርጎበታል። ቅጠሉ ይጠቀለላል፣ ቢጫ ይሆናል፣ ከዚያ ግንዱ ከሥሩ ተነቅሎ ይወድቃል። ባክቴሪያው ድንችንና ቲማቲምን ከሚያጠወልገው ወገን ሲሆን በአፈር፣ በጎርፍ ውሃ፣ ከሁሉም ይልቅ ለዘር በሚተከለው ዝንጅብል ውስጥ ተሸሽጎ ከማሳ ወደ ማሳ ይሄዳል። አንድ ጊዜ ከገባ በኋላ ተረጭቶ የሚያድነው መድኃኒት የለም፤ ያለው መላ ንጹሕ ዘር መትከልና መሬቱን ለዓመታት ለሌላ ሰብል መተው ነው። ቦዝያብና ቮልቮ የተባሉትን የዝንጅብል ዝርያዎች ያወጣው የቴፒ ግብርና ምርምር ማዕከል የሚደክመውም በዚህ ነው።

አንድ ትሪ ብስኩት ይህን በሽታ ያድናል የሚል ሞኝ የለም። ለገበሬውም ዋጋ አይጨምርለትም። ነገር ግን ስለ ዝንጅብል በሽታ የሚሰበሰበው፣ የሚጽፈውና መመሪያ የሚያስተላልፈው ወጣት ሠራተኛ አብዛኛውን ጊዜ ዝንጅብልን የሚያውቀው በወረቀት ላይ በኩንታል ተቈጥሮ ነው። በእጁ የሚልጠውና የሚከትፈው ሰው ግን የታመመውን ከጤነኛው ይለያል። የታመመው ሲቈረጥ ውስጡ ውሃ ያዘለና የደበዘዘ ነው፤ ጫን ሲሉት ወተት የመሰለ ፈሳሽ ያወጣል፤ ሽታውም መጥፎ ነው። ይህን በመጽሐፍ ማንበብና በቢላዋ ጫፍ ላይ ማየት አንድ አይደለም።

እንግዲህ ወደ ብስኩቱ እንግባ። መጀመሪያ የሚነሣው ጥያቄ እርጥብ ዝንጅብል ይሻላል ወይስ ደረቅ የሚለው ነው። ዝንጅብል ሲደርቅ በውስጡ ያለው ጂንጀሮል የሚባለው ንጥረ ነገር ሾጋኦል ወደሚባለው ይለወጣል፤ ይህኛው ከፊተኛው ይልቅ አፍ ያቃጥላል። ስለዚህ ለብስኩት ደረቁ ተወቅጦና ተነፍቶ ቢገባ ኃይሉ ይታወቃል፤ ሽታው እንዲታደስ የወደደ ከእርጥቡም ጥቂት ፍቆ ይጨምርበት። ኰረሪማው ከቅርፊቱ ተፈልፍሎ ፍሬው ብቻ ይወቀጣል። ከእኛ ጋር ትምህርቱን ጨርሶ ወደ ሚዛን የተመደበ አንድ ጓደኛችን እናቱን በስልክ «እማዬ፣ ኰረሪማ ብስኩት ውስጥ ቢገባ ምን ይመስልሻል?» ብሎ ቢጠይቃቸው «አንተ ልጅ፣ ቡናው ውስጥ ሲገባ ማን ከለከለው?» ብለው መልሰውለታል። ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አላስፈለገውም።

ልኩ ይህ ነው። 300 ግራም የስንዴ ዱቄት ከአንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ፣ ከአንድ የሾርባ ማንኪያ የተወቀጠ ደረቅ ዝንጅብል፣ ከአንድ የሻይ ማንኪያ ኰረሪማ፣ ከዚያው ያህል ቀረፋና ከግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ጋር ይደባለቃል። በሌላ ዕቃ 120 ግራም ለጋ ቅቤ ከ100 ግራም ስኳር ጋር ነጣ እስኪል ይመታል፤ አንድ እንቍላልና 100 ግራም ያህል ማር ይገባበታል። ወጥ የሚሠራበት የተነጠረ ቅቤ አይሆንም፤ ነጭ ሽንኩርቱና ኮሰረቱ ብስኩቱን ወጥ ወጥ ያሰኘዋል። ከዚያ ዱቄቱ ተጨምሮ ይለወሳል፤ ከተዋሐደ በኋላ እንደ ዳቦ ሊጥ ማሸት አይገባም፤ በታሸ ቍጥር ይጠነክራልና። የቴፒ ቀትር ቅቤ ስለሚያቀልጥ ሊጡን በማለዳ ለውሶ፣ ዕቃውን ቀዝቃዛ ውሃ በያዘ ሳፋ ውስጥ አስቀምጦ ግማሽ ሰዓት ማቈየት ይሻላል፤ ያለዚያ ትሪው ላይ ተንጣሎ ቂጣ ይሆናል።

ልስላሴው የሚመጣው ከማሩ ነው። ማር እርጥበትን ወደ ራሱ የሚስብ ስለ ሆነ ብስኩቱ ከእሳት ከወጣ በኋላም አይደርቅም፤ በማሩ ውስጥ ያለው ኮምጣጣነትም ከሶዳው ጋር ሲገናኝ ሊጡን ያነፋዋል። ሆኖም ማር ቶሎ ይጠቍራልና እሳቱ በስኳር ብቻ ከሚሠራው ብስኩት ዝቅ ማለት አለበት፤ ኦቭን ያለው ሰው በ170 ዲግሪ ከ9 እስከ 10 ደቂቃ ይበቃዋል። ሊጡ ትንሽ ሎሚ እያከለ ይድቦለቦላል፤ ጫን ተደርጎ ይደረደራል እንጂ አይዳመጥም። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ዳር ዳሩ ጠንከር ብሎ መካከሉ ገና ለጣት የሚሸሽ ሲሆን ጥሬ መስሎት ሁለት ደቂቃ ይጨምራል፤ ብስኩቱ የሚበላሸው በዚያች ሁለት ደቂቃ ነው። መካከሉ ለስላሳ ሆኖ ሳለ አውጥቶ በትኩሱ ትሪ ላይ ቢተወው ቀሪውን ራሱ ይጨርሳል። በአዲስ አበባ የሚጋግር አንባቢም ካለ ሶዳውን ሩብ ያህል ይቀንስ፤ ከተማዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለ ሆነች ቀጭኑ አየር ሊጡን ከልክ በላይ ያነፋውና መልሶ ይጥለዋል። በሚዛንና በቴፒ ይህ ሥጋት ያንሳል።

ኦቭን የለኝም የሚል ሰው ሰበብ የለውም። እናቶቻችን ድፎ ዳቦ ሲጋግሩ ኖረዋል፤ ምጣዱን በቀስታ እሳት አግለው፣ ኮባ አንጥፈው፣ ከላይ በሌላ ምጣድ ከድነው፣ ፍም ይጭኑበታል። የዝንጅብል ብስኩትም በዚሁ መንገድ ይበስላል። እንሰት በየጓሮው በሚገኝበት በደቡብ ምዕራብ ኮባ መግዛት አያስፈልግም፤ ለትሪ የሚነጠፈውን የመጋገሪያ ወረቀት ከአዲስ አበባ የሚያስልኩ ሰዎች ይህን ቢያስቡበት መልካም ነው። ኮባው በእሳት ጠውለግ ተደርጎ ይነጠፋል፤ ለብስኩቱም የራሱን ሽታ ይሰጠዋል። የላዩ ፍም ግን ሳሳ ይበል፤ ከ10 ደቂቃ በኋላም ከፍቶ ማየት ይገባል።

ሌላም ለአገሩ የሚስማማ ነገር አለ። ዝናብ በማይጠፋበትና አየሩ እርጥብ በሆነበት በዚያ አገር ከሱቅ የተገዛው ደረቅ ብስኩት መጠቅለያው በተቀደደ ማግሥት ልል ይላል። ለስላሳው ብስኩት ግን ፊቱኑ ለስላሳ ነውና ዝናቡ አይጎዳውም። ክዳኑ በሚገጥም ጣሳ ውስጥ አራት አምስት ቀን ይቆያል፤ ከዚያ በላይ ማስቀመጥ እርጥበቱ ሻጋታ ስለሚያመጣበት አንመክርም። ጓደኛ የሚያዘወትረው የላጤ ቤት ከሆነ እስከ አምስተኛው ቀን መድረሱንም እንጠራጠራለን።

ላጤ ካልን ዘንድ አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም። ከዩኒቨርሲቲ ወጥቶ ለሥራ በሄደበት ከተማ ብቻውን የሚኖር ወንድ ማድ ቤት ገብቶ ሊጥ መለወስን ከክብሩ የሚያጐድል አድርጎ ይቈጥረዋል። በዳቦ ቤት ሌሊቱን ሁሉ ሲጋግር የሚያድረው ማን ሆነና ነው? ብዙውን ጊዜ ወንድ አይደለምን? ለደመወዝ ሲሆን ክብር፣ ለራስ ቤት ሲሆን ውርደት የሚሆንበት ምክንያት አይገባንም። ከእርሱ ጋር በአንድ ሰዓት ገብታ በአንድ ሰዓት የምትወጣው እኅት ሠራተኛም ሴት በመሆኗ ብቻ ብስኩት እንድትጋግርለት የምትጠበቅበት ሕግ የለም።

በመጨረሻ ስለ ልጣጩ። የዝንጅብሉ ባክቴሪያ ሰውን አይጎዳም፤ የተጋገረውንም ብስኩት ያለ ሥጋት መብላት ይቻላል። አደጋው የሚጥለውና የሚደፋው ላይ ነው። ከገበያ የተገዛ ዝንጅብል የታጠበበት ውሃ ወደ ጓሮ አትክልት ወይም ወደ ጎረቤት ማሳ በሚወርድ ቦይ ባይደፋ ይመረጣል። መደርደሪያ ላይ ቆይቶ የበቀለውን ጕንጕን ደግሞ «ለዘር ይሆናል» ብሎ ጓሮ መትከል፣ ከዚያም አልፎ ለዕረፍት ሲሄዱ ወደ ሌላ አውራጃ ይዞ መሄድ፣ በሽታውን በገዛ እጅ ማጓጓዝ ሊሆን ይችላል። መትከል የፈለገ ሰው ወደ ምርምር ማዕከሉ ወይም ወደ ወረዳው የግብርና ጽሕፈት ቤት ሄዶ ንጹሕ ዘር የት እንደሚገኝ ይጠይቅ፤ ልጣጩን ግን እዚያው ብስኩቱ በበሰለበት ፍም ላይ ያቃጥለው።